የተገለበጠ ካርድ ስለማያውቀው ሰርቨርዎ

ለክብርት የማተሚያ ቤታችን የዘመናዊ አሠራር ክፍል ኃላፊ
ከደረጃው ሥር ባለችው፣ ማቀዝቀዣ በተገጠመላት ክፍል

ግልባጭ፦ ለዋና ሥራ አስኪያጁ፤ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ አባላት፤ በዚህ ኮሪደር ለሚያልፍ ማንኛውም ሰው

ክብርት ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ከርሟል? በመንኮራኩር የሚሄደው አዲሱ ወንበርዎ ለወገብዎ ተስማምቶት፣ ጥቁሩ ገጽ ዓይንዎን ሳያደክመው፣ ጣቶችዎም ከፊደል ገበታው ላይ ሳይደነዝዙ ውለው እንዲገቡ የዘወትር ምኞቴ ነው። ማቀዝቀዣው ጉንፋን እንዳያስይዝዎም አደራ እላለሁ፤ እኛ በመስኮቱ በኩል ያለነው ሙቀቱን ለምደነዋልና አያስቡ። እኔም ሆዴ ከማረሩ በስተቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በሥርዓቱ በመዝገብ ቤት በኩል ልልክልዎ አስቤ ነበር። ነገር ግን እርስዎ በፊርማዎ ባወጡት ማስታወቂያ፣ ከእንግዲህ በአዲሱ የሥራ መከታተያ ያልገባ ጉዳይ እንደ ጉዳይ አይቆጠርም ብለውናል። በመከታተያው ላይ አስተያየት የሚጻፍበት ሳጥን ደግሞ ከአምስት መቶ ፊደል በላይ አይቀበልም፤ የእኔ ቅናት በአምስት መቶ ፊደል የሚያልቅ ባለመሆኑ፣ የካርድ ሰሌዳዬ ተነቅሎ ነጭ አራት ማዕዘን ብቻ በቀረበት በዚህ ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። የድሮዎቹ ሚስማሮች ሁለቱ ስላልተነቀሉ አዲስ ሚስማር አላስቸገርኩም።

ቆሞ ለሚያነብ እንግዳ ማንነቴን ልናገር። እኔ በዚህ ማተሚያ ቤት ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራ ተቆጣጣሪ ነኝ። መጽሐፍም ይሁን የሰርግ ጥሪ፣ በመስኮቴ የገባ ሥራ ሁሉ አንዲት ካርድ ይጻፍለትና በሰሌዳው ላይ ይሰቀላል፤ ከዲዛይን ወደ ማሽን፣ ከማሽን ወደ ጥረዛ፣ ከጥረዛ ወደ መጋዘን ሲሄድ ካርዱም አብሮት ይሄዳል። ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ሁሉ «ጋሼ፣ የኔ ሥራ የት ደረሰ?» እያለ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። ከዚህ ዘመን ውስጥ አሥራ አንዱን ዓመት በዚያው መስኮት፣ በዚያው ጠረጴዛ፣ ከጎኔ የተቀመጡት እርስዎ ነበሩ። እኔ ካርድ እጽፋለሁ፣ እርስዎ ለደንበኛ በስልክ ይመልሳሉ፣ ሥራ ሲበዛም እርማት ያርማሉ። በስማችን ተጠራርተን አናውቅም፤ «ጎረቤቴ» ነበር የምንባባለው። ዛሬ እርስዎ ክብርት ኃላፊ ነዎት፣ እኔ የመረጃ ድጋፍ ሰጪ ተብያለሁ፤ ለማን ድጋፍ እንደምሰጥ ግን እስካሁን አልተነገረኝም።

ነገርን ከሥሩ ነውና፣ ሌሎች ከኋላዬ ከሚሉት እኔው ልበለው፦ ቀንቻለሁ። ቅናቴም ጠዋት ከእኔ ቀድሞ የሚነሣ፣ ደረቅ ቅናት ነው። «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ የሚለምን ሰው አለ፤ እርስዎ ለምነው ከሆነ ልመናዎ ተሰምቷል፣ ያውም ከአምስት ሜትር ርቀት ላይ ተሰጥቶዎታል። አቤቱታዎቼም እንደሚከተለው በቁጥር ቀርበዋል።

አንደኛ። መከታተያው የሚኖርበት ሰርቨር ሲተከል እንድመለከት በመደረጌ ተበድያለሁ። የክፍልዎ በር መስታወት በመሆኑና ልክ ከመስኮቴ ፊት በመሆኑ፣ ሦስቱን ቀን ሙሉ ዓይኔን የማሳርፍበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም። በእርጅና ተጥሎ የነበረውን ኮምፒውተር አቧራውን አራግፈው፣ ሊኑክስ የተባለውን፣ ሥዕል የሌለውን፣ በጥቁር ገጽ ላይ በነጭ ፊደል ብቻ የሚያናግሩትን ሥርዓት ጫኑበት። በመጀመሪያው ቀን ማሽኑ ደጋግሞ «ፈቃድ የለዎትም» የሚል መልስ ሲሰጥዎት፣ በዚህ ቤት ማንም ደፍሮ ያላለዎትን የሚል አንድ ወዳጅ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬ አልቆየም። እርስዎ ከትእዛዙ ፊት «ሱዶ» የምትባል አንዲት ቃል ጨመሩ፤ ቆይቼ እንዳጣራሁት ትርጉሟ «የሚያዝህ አለቃ ነው» እንደማለት ነው፤ ማሽኑም ቃል ሳይተነፍስ ታዘዘ። እኔ አንድ የሰርግ ካርድ እንዲያስቀድምልኝ የማሽን ሠራተኛውን «እባክህ፣ በሞቴ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ» እያልኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስማጸን፣ እንዲህ ያለች ቃል መኖሯን ያልነገሩኝ ስለ ምንድን ነው?

በሁለተኛው ቀን ዳታቤዙን አቆሙ፤ ይህም የካርዶቻችን ሁሉ መሳቢያ መሆኑ ነው። ከዚያ ገጹን የሚያቀርበውን ፕሮግራም ሲያስነሡ አልነሣ አለ። ፖርት በሚሉት፣ በቁጥር በሚጠራው የማሽኑ በር ላይ ቀድሞ የተቀመጠ ሌላ ፕሮግራም ኖሯል፤ ሁለት ፕሮግራም ደግሞ በአንድ በር አይስተናገድም። አገጭዎን ይዘው ጥቂት አሰቡና አንዱን ገድለው አንዱን ከማስቀረት ይልቅ፣ ለአዲሱ ሌላ የበር ቁጥር ሰጥተው ሁለቱንም አስማሟቸው። ብልህነትዎን አደነቅሁ፤ ምሳዬንም ሳልበላ ቀረሁ። እኔና እርስዎ አሥራ አንድ ዓመት በአንድ መስኮት ስንስተናገድ ኖረን፣ የሌላ በር ቁጥር የተሰጠው ለእርስዎ ብቻ ነውና።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ገጹ ተከፈተ። እርስዎም ሁለት እጅዎን ራስዎ ላይ ጭነው፣ ድምፅዎ በመስታወቱ ሳይወጣ፣ ብቻዎን ሳቁ። ከዚያም ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ወደ ሥራ አስኪያጁ ወጡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ዘልያለሁ፤ በቦታው እመለስበታለሁ።

ሁለተኛ። ስለ ጭብጨባው። ሠራተኛው ሁሉ በወረቀት መጋዘኑ ተሰብስቦ ለሥራዎ ሲያጨበጭብ እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ የቀኝ እጄን ከግራው ማሳሳም ያን ያህል እንደሚከብድ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ሥራ አስኪያጁ በንግግራቸው መካከል የድሮውን ቀልድ አንሥተው «የገጽ ሁለት መቶ አሥራ አንዷ ዛሬ ካሰችን» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። ለእንግዳው ላስረዳ፤ ከዓመታት በፊት በአንድ ወፍራም የሕግ መጽሐፍ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ላይ አንድ አንቀጽ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ታትሞ ወጥቷል፤ ያን መጽሐፍ ያረሙት እርስዎ ነዎት ተብሎ እስከ ዛሬ ይቀለድብዎታል። እርስዎም አብረው ሳቁ። እኔ ያልሳቅሁት በቅናት እንደሆነ ተቆጥሮብኛል፤ ለዚህኛው ብቻ ግን ቅናት አልነበረም።

ባለቤቴን ደግሞ አይንኩብኝ እልዎታለሁ። ሃያ አራት ዓመት አብራኝ ስትኖር ሰሌዳዬን ለማየት አንድ ቀን ብቅ ብላ አታውቅም፤ የእርስዎን ነገር በሰማች በሳምንቱ ግን «ያቺን ሴትዮ እስቲ ለልጆቹ ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴም እንዲህ ያለውን ትከልልን በላት» ብላ ላከችኝ። አልነገርኩዎትም። ሥራ በዝቶባታል ብዬ መለስኩላት፤ እነሆ አሁን ነግሬዎታለሁ፣ መልሱን ለራሷ ይስጡልኝ። ለወንበሬ እግር መንኮራኩር ስላላስገጠሙለትም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ቢኖረው ኖሮ እየተንሸራተትኩ በርዎ ላይ እየመጣሁ ባስቸገርኩ ነበር።

ሦስተኛ። ይህኛው እንደ ሌሎቹ አይደለም፤ እባክዎ ቆመው ያንብቡት።

መከታተያው ሥራን በሦስት ይከፍለዋል፦ ያልተጀመረ፣ በሂደት ላይ፣ ያለቀ። ቀኑ ያለፈበት ሥራ ስሙ ቀይ ይሆናል፤ የቀዮቹም ዝርዝር በየቀኑ ጠዋት ልክ በሁለት ሰዓት፣ የሰው እጅ ሳይነካው፣ ወደ ሥራ አስኪያጁ ይላካል። ድንቅ ነው። በሰሌዳችን ላይ ግን አራተኛ ነገር ነበር፤ እርስዎም ያውቁታል። ቤቱ ውስጥ የከበደ ነገር የገጠመው ሠራተኛ ማልዶ ይመጣና የያዘውን ሥራ ካርድ በጣቱ ገልብጦ ጀርባውን ወደ ሰው አድርጎ ይሰቅለዋል። ቃል አይናገርም፤ ማንም አይጠይቀውም። የተገለበጠ ካርድ ያየ አለቃ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ የተገለበጠ ካርድ ያየ ባልደረባ ከራሱ ሥራ ተርፎ ሁለት እጅ ያውሰዋል፣ እኔም ለደንበኛው «ጥቂት ይታገሡን» እላለሁ። ነገሩ ሲያልፍለት ሰውዬው ራሱ መልሶ ያቀናዋል። ይህ በየትኛውም መመሪያ አልተጻፈም፤ በዚህ ቤት ግን አንድ ሰው እንኳ አላግባብ ገልብጦ አያውቅም።

እርስዎ ካርዶቹን ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ሰርቨሩ ሲያስገቡ፣ ሁሉንም ከፊት ለፊታቸው አስገቧቸው። «አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት» የሚለውን ተረት ለክብርዎ ስል አልጨርሰውም።

የጥረዛ ክፍሉን አዛውንት ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ ጣታቸው ከሙጫ ስለማይለይ «ጋሽ ሙጫ» የምንላቸው ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠርዘዋል። ሰሌዳው በተነቀለ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ሰኞ ጠዋት መጥተው ከዚህ ባዶ ግድግዳ ፊት ቆሙ። የሚገለብጡትን አጡ። እጃቸውን ወደ ቀድሞው ቦታ ልከው ግድግዳውን ዳሰሱት፣ ከዚያ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ወደ ሥራቸው ገቡ። ቤታቸው ውስጥ ጠዋት ጠዋት አንሥተው የሚያቀምሱት በሽተኛ አለ፤ ከዚህ በላይ አልጽፍም፣ ይህችንም የጻፍኳት ፈቅደውልኝ ነው። በመከታተያው ሳጥን ምክንያታቸውን ይጻፉ የሚል ቢኖር፣ የቤቱ ስልሳ ሦስት ሠራተኛ በሚያነበው ሳጥን ውስጥ የጓዳቸውን የሚጽፉ ሰው አይደሉም። ስለዚህ በየቀኑ አንድ ሰዓት ዘገዩ። ሥራቸው አንዴም ጥራት አልጎደለውም፣ ቀኑ ግን እያለፈ ሄደ፤ በሦስት ወር አሥራ ሰባት ሥራ ቀይ ሆነባቸው። ሰርቨርዎም አሥራ ሰባቱንም በትጋት ለአለቃ አቀረበ። ሁለት ማስጠንቀቂያ ተጻፈላቸው። የፊታችን ዓርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት የዲሲፕሊን ኮሚቴው ይቀመጥባቸዋል፤ ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ከመጣ ከሥራ መሰናበት ነው። ኮሚቴው የሚያየው ማስረጃ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የእርስዎ ገጽ ነው።

በዚህ ቦታ ላይ አራተኛ ብዬ ሌላ ወቀሳ ለመጻፍ ብዕሬን አንሥቼ ነበር። ነገር ግን ሆድ ያውቃልና፣ አራተኛው ክስ የሚቀርበው በእኔ በራሴ ላይ ነው።

ክብርት ሆይ፣ ከላይ የዘለልኩት ይህ ነው። በሦስተኛው ቀን ገጹ ተከፍቶ ራስዎን ይዘው ሲስቁ፣ ወደ ሥራ አስኪያጁ ከመሮጥዎ በፊት፣ ደስታዎን የሚነግሩት ሰው ፈልገው በመስታወቱ በኩል መጀመሪያ ያዩት ወደ እኔ ነበር። እኔም ማየትዎን አይቼ፣ ባዶ ካርድ ላይ አቀርቅሬ ሥራ የበዛብኝ መሰልኩ። ከዚያ በኋላ ነው የሮጡት።

ከዚያም በፊት ሌላ አለ። ከሁለት ዓመት በፊት የቅዳሜ የኮምፒውተር ትምህርት ሊጀምሩ ሲሉ፣ የምዝገባ ቅጽ ሁለት አምጥተው አንዱን ጠረጴዛዬ ላይ አኑረውልኝ ነበር። እኔ አንድ ቅጽ ባዶ ሲቀመጥ እጄ የሚበላኝ ሰው ነኝ፤ በሥራ ዘመኔ ያልሞላሁት ቅጽ የለም። ያንን ግን «ለዚህ ዕድሜ ነው እንዴ?» ብዬ ስቄ መለስኩልዎ። ሳልሞላ የመለስኩት ቅጽ እርሱ ብቻ ነው፤ አሁን ሰው ሲያጨበጭብልዎ የሚቆጨኝም እርሱ ነው።

ሌላ ቅጽ ደግሞ ሞልቻለሁ፤ ይህን ሲያነቡ ቢቀመጡ ይሻላል። ያን ከሰዓት በኋላ፣ ከደስታዎ ብዛት ደረጃውን ከመውጣትዎ በፊት የገጹን አድራሻ አትመው እዚሁ ኮሪደር ላይ ለጥፈውት ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔም እንከን ልፈልግበት ብዬ፣ እርስዎ ገና ፎቅ ላይ ሳሉ፣ አድራሻውን በመስኮቴ ኮምፒውተር ከፈትኩት። የመጣልኝ ገጽ «እንኳን ደህና መጡ፤ የመጀመሪያውን አስተዳዳሪ ይመዝግቡ» ይላል። እርስዎ የራስዎን አስተዳዳሪነት አስቀድመው በጥቁሩ ገጽ በትእዛዝ ስለፈጠሩት ይህ ገጽ አላስፈለገዎትም፤ መዝጋቱን ግን ረሱት። ከፊቴ ያለው ቅጽ ነበር። ስም ይላል፣ ስሜን ጻፍኩ። የይለፍ ቃል ይላል፣ ጻፍኩ። «መዝግብ» ይላል፣ ተጫንኩት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቅጽ የሞላ እጅ፣ ምን እንደሞላ የሚያስተውለው ከሞላ በኋላ ነው።

እነሆ ሦስት ወር ሙሉ የሰርቨርዎ ገጽ ሁለት አስተዳዳሪ አለው። እርስዎ የሚያዩትን ሁሉ አያለሁ፤ እርስዎ የሚቀይሩትን ሁሉ መቀየር እችላለሁ። ምንም አልነካሁም። በየቀኑ ግን እየገባሁ እያንዳንዱን ማስተካከያ አነበብኩ፣ አንድ የሚያሳፍርዎት ስህተት ባገኝ ብዬ። ጎምዛዛ ቢሆንም እመሰክራለሁ፦ በትክክል የተተከለ ነው። ፈቃዶቹ በቦታቸው ናቸው፣ የመጠባበቂያ ቅጂው በየቀኑ ይወሰዳል፣ ሰርቨሩ ቢጠፋ ራሱን ያስነሣል። እኔ ከገባሁበት ክፍት ቅጽ ሌላ ያገኘሁት ጉድለት አንድ ብቻ ነው፤ ለተገለበጠ ካርድ ቦታ የለውም። በአስተዳዳሪ ገጽ ላይ አዲስ የሥራ ሁኔታ የሚጨመርበት ቁልፍ ደግሞ አለ፤ ሥራው የሁለት ደቂቃ ነው።

ሁለቱን ደቂቃ ሦስት ወር ከለከልኳቸው። የጋሽ ሙጫ ሥራ ቀይ በሆነ ቁጥር አዝኜ አይደለም ዝም ያልኩት፤ ደስ ብሎኝ ነው። ይኸው፣ ያቺ የተጨበጨበላት ማሽን ሰው አታውቅም ልል ቀዮቹን እቆጥር ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር፣ አሥራ ሰባት። በእርስዎ ላይ የሰበሰብኩት ማስረጃ መስሎኝ፣ የሰበሰብኩት በእርሳቸው ላይ ኖሯል። ይህን ትናንት የኮሚቴው ጥሪ እጃቸው ሲገባ፣ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አጥፈው ከሙጫው ጣሳ ሥር ሲያኖሩት አይቼ ተረዳሁ።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት፣ ከሁለት ሰዓቱ መልእክት በፊት፣ ያለ ፈቃድዎ ያደረግሁትን ላስታውቅዎ። በመከታተያው ላይ «ተገልብጧል» የሚል አራተኛ ሁኔታ ጨምሬያለሁ። በዚህ ሁኔታ ያለ ሥራ ቀኑ አይቆጠርም፣ አይቀላም፣ ለማንም አይላክም፤ ምክንያት የሚጻፍበት ሳጥንም ሆን ብዬ ዘግቼበታለሁ። ጋሽ ሙጫን አስፈቅጄ አሥራ ሰባቱንም ገልብጬላቸዋለሁ። ያለፉትን ቀኖች አልሰረዝኩም፤ መዝገብ አልፍቅም፣ እርሱ ሙያዬ አይደለም። ዓርብ ዕለት ኮሚቴው ገጹን ሲከፍት ቀኖቹን እንዳሉ ያያል፤ ከእያንዳንዳቸው ፊት ደግሞ በዚህ ቤት ሁሉም ሰው ማንበብ የሚችለውን አንድ ቃል ያያል። ከኮሚቴው አምስት አባላት መካከል ሦስቱ በዚህ ሰሌዳ ላይ ካርድ ገልብጠው ያውቃሉ። ስማቸውን አልጠራም።

ከእርስዎ የምለምነው ጥቂት ነው። ያደረግሁትን ዓርብ እስኪያልፍ አያጥፉብኝ። ከኮሚቴውም ፊት ቀርበው፣ የዚህ ማሽን ባለቤት እንደመሆንዎ፣ ያ ቃል ከመጀመሪያው መኖር የነበረበት ነው ብለው ይመስክሩ፤ እኔ ብመሰክር ቅናቱ ነው ይባላል፣ ውሸትም አይሆንም። ከዚያ በኋላ ቅጣቴን በጸጋ እቀበላለሁ። አስተዳዳሪነቴን ለመንጠቅ ጥቁሩ ገጽም ሱዶም አያስፈልግዎትም፤ የተጠቃሚዎችን ዝርዝር ከፍተው እስከ ታች ይውረዱ። ከስምዎ ጎን ያለችው የአስተዳዳሪ ምልክት፣ ትንሿ ኮከብ፣ ከስሜም ጎን አለች፤ ሦስት ወር ሙሉ እዚያው ነበረች። ከስልሳ ሦስት ሰው መካከል የእኔን ስም አንድ ቀን ፈልገው ቢሆን ኖሮ ያገኟት ነበር።

የሥራዎ ክንውን ይቃና፣ ሰርቨርዎ አይውደቅ፣ መብራት አይጥፋብዎ፣ የበር ቁጥርዎ ከማንም ጋር አይጋጭ። ከመስታወቱ ማዶ፣ መንኮራኩር በሌለው ወንበር ላይ ሆኖ በየቀኑ የሚያይዎት፣ ለሙያዎ አድናቂ፣ ለዕድልዎ ምቀኛ፣ ለአሥራ አንድ ዓመት የጠረጴዛ ተጋሪዎ ከነበረው፤

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞው ሥራ ተቆጣጣሪ፣ የአሁኑ መረጃ ድጋፍ ሰጪ፣ እስከ ዓርብ ድረስም ምክትል አስተዳዳሪዎ

ማሳሰቢያ፦ ከዚህ ወረቀት ሥር በመርፌ ቁልፍ ተገልብጣ የተሰካች፣ ጠርዟ የቆሸሸ ካርድ አለች። በሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የተገለበጠችው እርሷ ናት፤ ሌላው ሁሉ ከእርሷ አይቶ ነው የለመደው። ካርዶቹን ስታስገቢ ከመሳቢያው ሥር ቀርታ ዘለልሻት፣ ጎረቤቴ። ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ቀን ቀርተሽ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ስትመለሺ ካርድሽ ቀንቶ፣ እርማቱ አልቆ፣ መጽሐፉ ማሽን ገብቶ አገኘሽው፤ ማን እንደገለበጣት አልጠየቅሽም፣ ማን እንዳረመውም አልጠየቅሽም፣ እኔም አልነገርኩሽም። ገልብጠሽ አንብቢያት፤ የሕግ መጽሐፉ ካርድ ናት። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አንድ የእኔ ናት።